የሺሺንዳው መሐላና የኩላሊቱ ቆብ

ቦንጋ፣ ኅዳር 13 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለተድላ፣

ትናንት ሚካኤልን አንግሠን ገባንና ዛሬ ብዕር አነሣሁ። ያለህበት አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይባላልና መልአኩ በክንፉ ይጋርድህ። እዚህ ዝናቡ አቁሟል፣ ቡናው ቀልቷል፣ ዋጫ ያሉት ዘመዶችህ ለቀማ ላይ ናቸው። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ነጭ ካፖርት ለብሰህ የተነሣኸው ፎቶ ደርሶኛል። አምሮብሃል። የእናትህ የአክስቷ ልጅ ነኝና የመናገር መብት አለኝ፤ ከዋጫ መጥተህ እኔ ቤት እያደርክ ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ሐኪም ይሆናል ብለን ነበር። አሁን ሰው "ተድላ ሃንጋሪ ድረስ ሄዶ ምን ይማራል?" ሲለኝ፣ "ከላም ኩላሊት ላይ የምትገኝ ነገር ይቆራርጣል" እላለሁ። "ሥጋ ቤት ሊከፍት ነው?" ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ? አንተው ንገረኝ።

የጓሮውን ክፍል ለአንዲት ነርስ አከራይቻለሁ። ናዝራዊት ትባላለች፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ እዚህ ጤና ጣቢያ ተመድባ ነው የመጣችው። ጨዋ ናት፤ ብቻ ነገር ታበዛለች። እሷ የምትሰጠኝ የራስ ምታት ክኒን አልሠራ ብሎኛልና ጠንከር ያለ ካገኘህ በሰው ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ወደ ሺሺንዳ ገበያ መውጣቱን ትቻለሁ። ማሩን ቤቴ ሆኜ ነው የምሸጠው፤ ገዢ ከመጣ።

እህትህ ውባየሁ


ቡዳፔስት፣ ጥር 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውባየሁ፣

ደብዳቤዎ በገና ሰሞን ደረሰኝ። እዚህ እነሱ በዓላቸውን ጨርሰው ጥድ ሲጥሉ እኔ ብቻዬን ገናዬን የእርስዎን ወረቀት እያነበብኩ አከበርኩ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ቤትዎም እንደ ወትሮው ሰው የማይጠፋበት ይሁን።

ሥጋ ቤት አልከፍትም። ለጠየቀዎ ሁሉ እንዲህ ይበሉልኝ። ከኩላሊታችን አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፋች ትንሽ እጢ አለች፤ አድሬናል ትባላለች። መሃሏ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሆርሞን ሠሪዎች ናቸው። ከምግብ የመጣውን ጥሬ ዕቃ ከደም ይወስዱና አሚን የሚባል ነገር ይሠሩበታል። የሠሩትን ግን ወዲያው አይለቁትም፤ በዓይን በማይታዩ ከረጢቶች ቋጥረው ያስቀምጡታል። እርስዎ ከደጅ ሲወጡ ጅብ ፊትዎ ድቅን ቢል ነርቭ መልእክት ያደርሳቸዋል፤ እነሱም ከረጢታቸውን ደም ውስጥ ያፈሱታል። ልብ የሚዘልለው፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ እግር የሚፈጥነው ያኔ ነው። ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው አድሬናሊንም አንዱ አሚን ነው። በአንጀትና በአንገት እጢ ውስጥም የእነዚህ ዘመድ የሆኑ ሕዋሳት ተበታትነው ይገኛሉ፤ እነሱም አሚን ይይዛሉ። የእኔ ሥራ እጢውን በስሱ ቆርጬ ክሮም በሚባል ጨው ውስጥ መንከር ነው። አሚን ያለበት ሕዋስ ቡናማ ይሆናል። ሌላው እንደነበረ ይቀራል። ይህን ሳይ ስውል እንዴት ደስ እንደሚለኝ ብነግርዎ ይስቁብኛል።

አሁን ወደ እርስዎ። ደህና ነኝ ብለዋል፤ እዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ የማይለቅ ራስ ምታት አለብኝ ይላሉ። ሳላውቅ ክኒን አልልክም። ደግሞ ሺሺንዳን ተውኩ አሉኝ። ለገበያው ከዶሮ ቀድመው የሚነሡት እትዬ ውባየሁ! ምን ሆነው ነው?

ወንድምዎ ተድላ


ቦንጋ፣ መጋቢት 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለተድላ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁና ይህ ሳይቀደድ ፖስታ ቤት ላድርሰው። ስልክ ደውይ እንዳትለኝ፤ ቴሌ ሄጄ ስናገር ወረፋ የቆመው ሁሉ በሽታዬን ሰምቶ ይሄዳል።

ደህና ነኝ ያልኩህን ተወው። ደህና አይደለሁም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከደካ በኩል ያመጣሁትን ማር ይዤ ሺሺንዳ ወጣሁ። ክዳኑ ሳይነሣ ሽታው ሰው የሚጠራ ማር። አንድ የጅማ ጠጅ ቤት ባለቤት ሊገዛኝ ዋጋ ስንነጋገር ያ አጠገቤ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ከፈለኝ የሚባለው፣ "ስኳር አለበት" ብሎ ጮኸ። የገበያው ሽማግሌ ጋሽ ወልደሥላሴ ተጠሩ። የማር ተራውን ወግ መቼም አትረሳውም፤ የተጠረጠረ ነጋዴ ከባልዲው ጎን ይንበረከክና ጎንበስ ብሎ መዳፉን በማሩ አፍ ላይ አድርጎ ይምላል። እኔ ምን ገዶኝ! ነጠላዬን አደግድጌ፣ መቀነቴን ሙጭጭ አድርጌ፣ በኩራት ተንበረከክሁ። "ባዕድ ነገር ጨምሬበት እንደሆነ" አልኩ። የቀረውን አልጨረስኩትም።

ከሆዴ አንድ ነገር ሽቅብ ወጣ። ልቤ ደረቴን በስቶ ሊወጣ ደረሰ፤ ራሴ በመዶሻ የተመታ መሰለኝ፤ ላቡ ቀሚሴን ከገላዬ አጣበቀው። ፊቴ አመድ ለበሰ አሉ። ልሞት ነው የሚል ፍርሃት ያዘኝ፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዬ አላውቅም። "ያዛት! መሐላው ያዛት!" አለ ገበያው። ባልዲውን ገልብጠው ማሬን ጭቃ ላይ ደፉት። እኔ መናገር እንኳ አቅቶኝ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ማር የሚገዛኝ የለም። ክፉውን ደግሞ ስማ። ያው ነገር እየተመላለሰ ይይዘኛል። ጓሮ ስኮተኩት ያዘኝ፤ ጫማዬን ሳስር ያዘኝ። ባለፈው ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ በሕዝብ መሃል ያዘኝ። ሴቶቹ ሸሽተው ቆሙ። አሁን ከቤተ ክርስቲያንም ቀርቻለሁ።

ማሩን እኔው ቀምሼዋለሁ፤ ንጹሕ ነበር። ክኒኑን ተወውና አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሳይዋሽ የማለን ሰው መሐላ ይይዘዋል?

እህትህ ውባየሁ


ቡዳፔስት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውባየሁ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስዎ። ሌላውን ሰላምታ በሚቀጥለው እከፍላለሁ፤ አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ደብዳቤዎን ለፕሮፌሰሬ ቃል በቃል ተረጎምኩለት። "ጫማ ሳስር፣ ስሰግድ" የሚለው ላይ ስደርስ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። "እንደገና አንብብልኝ" አለኝ። እትዬ፣ ያ የምቆራርጠው የኩላሊት ቆብ ትዝ ይልዎታል? አንዳንድ ሰው ላይ፣ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ አሚን የሚሠሩት ሕዋሳት ከልክ በላይ ተራብተው እባጭ ይሆናሉ። እባጩ አሚኑን ያለ ቅጥ ይሠራል፣ ያጠራቅማል። ጅብ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሲጫኑት ያፈሰዋል። ጎንበስ ማለት ይጫነዋል። የጠበቀ መቀነት ይጫነዋል። ስግደት ይጫነዋል። ራስ ምታቱ፣ ላቡ፣ አመድ የመሰለው ፊት፣ የሞት ፍርሃቱ ሁሉ የአሚን ሥራ ነው።

ለጥያቄዎ እኔ ቄስ አይደለሁም። እንደሚመስለኝ ግን የያዘዎት መሐላው አይደለም፤ ለመሐላው ማጎንበስዎ ነው።

ይህ እስካሁን ግምት ነው። ፕሮፌሰሬ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ሐኪምም ያለ ማስረጃ እጁን አያነሣም። እባጩ ታማሚው በመድኃኒት ሳይዘጋጅ በቢላ ከተነካ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይለቃል፤ ሰው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይሞታል። ስለዚህ አሚኑን በሽንትዎ ውስጥ መለካት አለብን። ናዝራዊት ሲያምዎ ደም ግፊትዎን ትለካልኝ። የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንትዎን አጠራቅማ፣ አሲድ ጠብ አድርጋበት፣ እኛ ዘንድ ለሚማር አንድ የጅማ ልጅ ትስጠው፤ ለእረፍት መጥቶ ሰኔ ላይ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ቡናና ሙዝ በአፍዎ እንዳይዞሩ፤ መለኪያውን ያሳስቱታል። መቀነትዎን ያላሉት። እባክዎ አይሰግዱ፤ እግዚአብሔር ቆመውም ይሰማዎታል።

ወንድምዎ ተድላ


ቦንጋ፣ ሰኔ 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለተድላ፣

ቸሩ መድኃኔዓለም ውለታህን ይክፈልህ። እባጭ አለብሽ ተብሎ ዕልል ያለ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ናዝራዊት ያበድኩ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

ሕመሙ ሲነሣብኝ ለካችኝ። የመሣሪያው መርፌ ሽቅብ ሲሮጥ "ይሄ ነገር ተበላሽቷል" ብላ የራሷን ክንድ ለካች፤ የሷ ደህና ሆነ። መልሳ እኔን ስትለካ መርፌው እንደገና ሽቅብ ሮጠ። ይኸው እንግዲህ።

በቦንጋ ከተማ ቡና አልጠጣም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ። ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ "ምን በደልኩሽ?" ብላ አኮረፈችኝ። ሽንት ላጠራቅም ነው አይባል! ሃይማኖቷን ቀየረች ተብሎም ተወርቷል። ብቻ ቻልኩት። ያልከው ልጅም መጥቶ ወስዷል። እኔ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም፣ ሽንቴ አውሮፕላን ተሳፈረ።

መልሱን ቶሎ ላክልኝ። ከፈለኝ ሲያልፍ ሲያገድም እያየኝ ይስቃል።

እህትህ ውባየሁ


ቡዳፔስት፣ ሐምሌ 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውባየሁ፣

ክረምቱን በሰላም ያሳልፍልን። ይህን ደብዳቤ መጻፍ ከብዶኝ ሰንብቻለሁ።

ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ። መለኪያው ከፍ ይላል፣ ግን ከአሚን ይሁን ከሌላ ነገር መለየት አልቻልንም። ፕሮፌሰሬ "ይህች ሴት ቡና ጠጥታለች" አለኝ። አልጠጣችም ብዬ ተከራከርኩ። "ወረቀቱ ጠጥታለች ይላል" አለኝ።

እትዬ፣ ቡና ለእርስዎ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ሲኒም ቢሆን፣ ለእትዬ ጽጌ ይሉኝታ ብለውም ቢሆን፣ ጠጥተው ከሆነ እውነቱን ይንገሩኝ። አልቆጣም። እንደገና እንሞክራለን።

ወንድምዎ ተድላ


ቦንጋ፣ ኅዳር 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተድላ፣

ሰላምታ የለኝም።

ክረምቱን አልፌ፣ መስቀልን አልፌ ዝም ያልኩህ ፖስታ ቤት ተዘግቶ አይደለም። ሕመሙ ብሶብኛል፤ ካልጋ የማልነሣባቸው ቀናት አሉ። እንዲያም ሆኖ ወረቀት ማንሣት አልፈለግሁም። ሺሺንዳ ላይ "ስኳር ጨምረሽ ይሆን?" አሉኝ። አንተም ባሕር ማዶ ተቀምጠህ "ቡና ጠጥተው ይሆን?" አልከኝ። ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? የእነሱ አንሶኝ ቤቴ ያደገው ልጅ ቃሌን ይጠረጥራል!

ናዝራዊት ናት ጻፊለት እያለች የጨቀጨቀችኝ። ይኸው በአፌ የገባውን ሁሉ ልንገርህና ይውጣልህ። ቆጮ በጎመን በላሁ። አይብ በላሁ። የበግ ቅቅል አንድ ቀን። ሙዙን ናዝራዊት ጓሮዬ ገብታ ከነግንዱ ልትጥለው ነበር፣ እንኳን ልቀምሰው። ቡና የሚባል ነገር ከከንፈሬ አልደረሰም። ሽታው እንዳያስጎመጀኝ ብዬ ከሰው ቤት ቀርቼ፣ ጨሞዬን እየጠጣሁ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ጨሞውንም ቢሆን የቡናውን አምሮት ይቆርጥልኛል ብዬ ከወትሮው አብዝቼ ነው የጠጣሁት። ናዝራዊት ምስክር ናት፤ ዝንጅብሉንና ጤና አዳሙን አሽትታ "ይሄ ለጤናሽ ጥሩ ነው" ብላኛለች።

አልዋሸሁም። ገበያም ላይ አልዋሸሁም፣ ላንተም አልዋሸሁም። አምነህ ካልጻፍክልኝ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።

ውባየሁ


ቡዳፔስት፣ ኅዳር 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ውባየሁ፣

እግርዎ ላይ ወድቄአለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ደጅዎ የቆምኩ አድርገው ይቁጠሩኝ።

ጨሞ! እትዬ፣ ጨሞ ከምን ይፈላል? ከቡና ቅጠል! ዝንጅብሉ ይጨመርበት፣ ጤና አዳሙ ይጨመርበት፣ ሚጥሚጣው ይጨመርበት፤ እናቱ የቡና ቅጠል ነው። በቡናው ፍሬ ውስጥ ያለው ነገር በቅጠሉም ውስጥ አለ። እርስዎ ቡናውን ትተው ቅጠሉን በጣሳ እየደገሙ መለኪያችንን አሰከሩት።

ደብዳቤዎን ላቦራቶሪ ውስጥ ቆሜ ሳነብ እንደ እብድ ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ለፕሮፌሰሬ ሳስረዳው፣ "ለምን ቡና ነው አላለችም?" አለኝ። በካፋ ጨሞን ቡና ብሎ የሚጠራ ሰው አልተወለደም አልኩት። ናዝራዊትም የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ ከየት ታውቀዋለች? እኔ ግን ዋጫ ተወልጄ፣ በጨሞ አድጌ፣ "ቡና እንዳይጠጡ" ብዬ ስጽፍ ጨሞ በሐሳቤ ሽው አላለም። እኔም ቡና ነው ብዬ ቆጥሬው አላውቅማ! ስለዚህ እርስዎ የታዘዙትን አንድ ሳያጓድሉ ፈጽመዋል። ጉድለቱ ከትእዛዙ ነው። ቃልዎን ስለተጠራጠርኩ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ። ቡና የለም፣ ጨሞ የለም፣ ሻይ የለም፣ ሙዝ የለም። ለገና የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ጠርሙሱን በእሱ ይላኩልኝ።

በደለኛው ወንድምዎ ተድላ


ቦንጋ፣ ጥር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለተድላ፣

የጥምቀቱ ጌታ ይባርክህ፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ድንጋዩን አውርደው።

ጠርሙሱ ዛሬ ሄዷል። ውሃ ብቻ እየጠጣሁ እንቁራሪት ልሆን ነው። ናዝራዊት በበኩሏ ከምድጃዬ የማንኛውንም ቅጠል ስም ሳትጠይቅ አታልፍም፤ ጎመኑን እንኳ "ይሄስ ከቡና ጋር ዝምድና አለው?" አለችኝ።

እህትህ ውባየሁ


ቡዳፔስት፣ የካቲት 11 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ውባየሁ፣

ተገኘ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተገኘ!

ሰላምታውን ከደስታዬ የተነሣ መሃል ላይ አስገባለሁ፤ እንዴት ሰንብተዋል? አሚኑ ከጤነኛ ሰው እጅግ የበዛ ነው፣ አሁን ምንም የሚያምታታ ነገር የለበትም። ፕሮፌሰሬ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር ሮጠ፤ በዚህ ዕድሜው ሲሮጥ ያየው ሰው የለም። "ለአክስትህ ንገራት፣ እሷ እውነተኛ ሴት ናት" አለኝ። አክስቴ አይደለችም፣ እትዬ ናት ብለው አልገባውም።

እንግዲህ አዲስ አበባ ይሂዱ። በአልትራሳውንድ አይተው ቦታውን ይነግሩዎታል። የውጤቱን ወረቀትና የፕሮፌሰሬን ማብራሪያ ለቀዶ ሐኪሙ ልኬያለሁ፤ እሱም ተቀብሎ መልስ ሰጥቶኛል። የአሚኑን ጉልበት የሚያበርደውን መድኃኒት በሰው እልካለሁ። ሳምንታት ይውሰዱት፤ አንድም ቀን እንዳያልፍዎ። ከመድኃኒቱ ጋር ቢጫ ውሃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አለ፤ የክሮም ጨው ነው። እባጩ ሲወጣ ትንሽ ቆርጠው እዚያ ውስጥ እንዲጨምሩልኝ ሐኪሙን ለምኜዋለሁ።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ተዘጋጅተው ነው የሚገቡት።

ወንድምዎ ተድላ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለተድላ፣

እመቤቴ ማርያም ትጠብቅህ። ናዝራዊት ፈቃድ ወስዳ አብራኝ መጥታለች፤ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥልኛለች። እባጩ ከግራ ኩላሊቴ በላይ ነው አሉኝ፤ ልክ እሷ እንደምትልጠው ብርቱካን ያክላል። መድኃኒትህ አፍንጫዬን ደፍኖ ስናገር እንደ ፈረንጅ አደረገኝ እንጂ ሕመሙን አስታግሶታል። ነገ ጠዋት ይቀድዱኛል።

ተድላ፣ ፈርቻለሁ። የምፈራው ሞቱን አይደለም፤ ሞት ለሁሉም ነው። ግን ብሞት ሺሺንዳ ላይ "መሐላው ጨረሳት" ይባላል። ልጅም የለኝ፣ ስሜ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እሱም ጭቃ ላይ እንደተደፋ ሊቀር ነው። ከሞትኩ አንተ ራስህ መጥተህ ገበያው መሃል ቆመህ ንገራቸው። ይህን ቃል ግባልኝ።

ከዳንኩ ግን እኔው እነግራቸዋለሁ።

እህትህ ውባየሁ


ቡዳፔስት፣ ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ውባየሁ፣

የግንቦቱ ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማሁም። ሐኪሙ ጋ ስልክ ብደውል መስመሩ አይገባም። ቃል ገብቻለሁ፤ ግን እባክዎ ይህን ቃል እንዳያስፈጽሙኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ተድላ


ቦንጋ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለተድላ፣

አለሁ! በሕይወት አለሁ፣ ቦንጋ አለሁ፣ ቤቴ አለሁ! ከሆስፒታል የጻፍኩልህ የት እንደገባ እንጃ፤ ናዝራዊት ፖስታ ቤት አስገባሁ ትላለች። ስምህን ያስጠራልህ፤ ልጅ ውለድ፣ ልጅህም እንዳንተ ለሰው ይድረስ።

ሐኪሙ እንደነገረኝ እባጩን ሲነካው ግፊቴ ሽቅብ ወጥቶ ነበር፤ ቆም ብለው አበረዱትና ቀጠሉ። ደም ሥሩን ቋጥረው ሲያወጡት ግፊቴ ረጋ አለ። ስነቃ ደግሞ ያንተን ጠርሙስ ይዞ መጣ። "የወንድምሽን ጥበብ እዪ" አለኝ። ያቺ የገረጣች ቁራጭ ቢጫው ውሃ ውስጥ ተጋድማ ነበር። እያየኋት ጠቆረች፣ ከዚያ ቡናማ ሆነች። ናዝራዊት ዕልልታዋን ስታቀልጠው አስታማሚው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ መሳቅ አልችል፤ ስፌቴ። በዓይኔ ሳቅኩ።

ሐኪሙ ቁራጯን እልክለታለሁ ብሏል። እኔ ሳልሄድ ሥጋዬ ያለ ቪዛ አውሮፓ ሊገባ ነው።

ስግደት ጀምሬያለሁ። ግንባሬ መሬት ይነካል፣ እነሣለሁ፤ ምንም የለም። ስነሣ እንባዬ ይመጣል እንጂ።

እህትህ ውባየሁ


ቡዳፔስት፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ውባየሁ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ፤ ከዚህ ዓመት የበለጠ እንቁጣጣሽ ለእኔ አይመጣም።

ቁራጭዎ ደርሳለች። በስሱ ቆርጬ በማይክሮስኮፕ አየኋት። ሕዋሱ ሁሉ ከጥግ እስከ ጥግ ቡናማ ነው፣ አሚን በአሚን። የላሙን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እንዲህ ግን ልቤ መትቶ አያውቅም። ይህ ነው ገበያው መሃል የጣለዎት ብዬ ተናደድኩበት፤ ደግሞ ውበቱን ማየት ማቆም አቃተኝ። ፕሮፌሰሬ "ክፉ አይደለም፣ መሥራት እንጂ ማቆም አያውቅም" አለኝ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እያዩ የቦንጋዋ ሴት እያሉ ያወሩልዎታል።

ጥናቴን ልጨርስ ትንሽ ቀረኝ። መጥቼ በአገሬ ማስተማር ነው ሐሳቤ። ሺሺንዳስ?

ወንድምዎ ተድላ


ቦንጋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለተድላ፣

አገርህ በሰላም ያግባህ፤ ዶክተር ተብለህ ስትመጣ ከጅማ መንገድ ጀምሮ ነው ዕልልታ የምናስነካልህ። እኔ ደህና ነኝ። አሁን ደህና ነኝ ስል ደህና ነኝ ማለቴ ነው።

ሺሺንዳስ አልከኝ? ትናንት ወጣሁ። ማሬን በአውቶቡስ ጭኜ፣ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ መቀነቴን እንዲያው ሆን ብዬ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አጥብቄ። ማር ተራ ስደርስ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ጋሽ ወልደሥላሴ በምርኩዛቸው ተነሡና "ልጄ፣ ሐኪም ያወጣልሽን ሰምተናል። በሽታ እንጂ መሐላ እንዳልሆነ ገብቶናል። ቦታሽ ይኸው፤ ሽጪ" አሉኝ።

"አይሆንም አባቴ" አልኳቸው፤ "ያኔ ቃሉን ሳልጨርስ ነው የቆረጣችሁኝ። ዛሬ ልጨርሰው።"

ተንበረከክሁ። ጎንበስ ብዬ መዳፌን ማሩ አፍ ላይ አደረግሁ። "ያን ጊዜ በደፋችሁት ማር ላይ ባዕድ ነገር ጨምሬበት እንደሆነ መድኃኔዓለም ይፍረድብኝ!" ብዬ ማር ተራው ከዳር እስከ ዳር እስኪሰማ ጮህኩ። ከዚያ አልተነሣሁም። እንዳጎነበስኩ ቆየሁ። ፊቴን ለማየት አንገታቸውን ሲያሰግጉ ይሰማኛል። ልቤ ቀስ እያለ ይመታል፣ ላብ የለ፣ ምን የለ። እስኪሰለቻቸው አስጠብቄያቸው ቀና አልኩ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ዕልል አለች፤ ከዚያ ገበያው ተቀበላት። ጋሽ ወልደሥላሴ ከሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔም ጉልበታቸውን ስሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ማሬ ፀሐይ ሳይጠነክር አለቀ። ልነሣ ስል ጠብ ሰማሁ። አንድ ከጅማ የመጣ ገዢ የዚያን የነጋዴውን የከፈለኝን ባልዲ ከፍቶ "ይሄ ማር ስኳር አለበት" ይላል። ጋሽ ወልደሥላሴ ከፈለኝን እንዲምል አዘዙት። ተንበረከከ። እጁን ዘርግቶ መዳፉ ማሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ። የፈራው መዋሸቱን ይሁን እንደ እኔ መያዙን እንጃ፤ ሰው ሁሉ ግን ዋሽቷል ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ያኔ አንገቱን ደፍቶ "ውባየሁ ትቅመሰው" አለ። "እሷ ያለችው ይሁን።"

ጋሽ ወልደሥላሴ አዩኝ። ገዢውም "እስማማለሁ" አለ። ያለ መሐላ በአንዲት ሴት ምላስ ሊፈረድ ነው፤ ማር ተራ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። የጫካ ማር ነው፣ ንብ የገተማ ዛፍ አበባ የቀሰመበት፤ ጉሮሮዬን ለብለብ አድርጎኝ ወረደ። እንከን የለውም። ወዲያው መናገር ስችል ግን ባልዲውን አዘነበልኩት፣ የሚወርደውን የማር ክር ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁት፣ ደግሜ ቀመስኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። የከፈለኝ ትንፋሽ ሲቆም ይሰማኝ ነበር። አንተም እኔን ብትሆን ያን ዝምታ አታሳጥረውም ነበር።

ከዚያ ለገዢው "ማሩ ንጹሕ ነው፤ ሒሳቡን ክፈለው" አልኩት። ገዢው እጁን ኪሱ ከትቶ ሒሳቡን ቆጥሮ ከፈለ። ከፈለኝ ገና እንደተንበረከከ ነበር፤ እኔው በክንዱ ይዤ አነሣሁት።

እህትህ ውባየሁ